ጀጎልን በእግር፦ ሐረርን በሁለት ቀን ለመጎብኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሐረርን አየሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ጅብ ነው። ከድሬዳዋ ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ምሳውን ይበላል፣ በባጃጅ ሁለት ሙዚየም ያያል፣ ሲመሽ ጅብ ሲበላ ፎቶ ያነሳና ይመለሳል። ጅቡ መታየት አለበት፣ አልቃወምም። ግን የሐረር ቅርስ የሚባለው ግንቡ ብቻ ወይም ሙዚየሙ ብቻ አይደለም፤ በግንቡ ውስጥ እስከ ዛሬ ሰው እየኖረበት ያለው ከተማ ራሱ ነው። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎልን፣ ማለትም በግንቡ የተከበበውን ከተማ በሙሉ፣ ከነቤቱና ከነመንገዱ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሁለት ሌሊት ለማደርና በእግሩ ለመሄድ ለተዘጋጀ ሰው ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከታች ያለውን የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ውሰዱ፤ ሁለቱን ቀን በአንድ ቀን ለማጨናነቅ አትሞክሩ።

መቼ እንሂድ?

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንደ ድሬዳዋ አታቃጥልም፣ እንደ አዲስ አበባም አትበርድም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእግር ጉዞ ይመቻል። በክረምት ብትሄዱም ችግር የለም፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋቱን መጠቀም ነው፤ የጀጎል የድንጋይ መንገድ ግን ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል።

ሦስት ጊዜዎችን በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። አንደኛው ታኅሣሥ 19 ነው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለው መንገድ በመኪና ይሞላል፣ የድሬዳዋም የሐረርም አልጋ ቀድሞ ያልቃል። ለንግሡ የምትሄዱ ከሆነ ሐረርን አክላችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ለሐረር ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ግን ያንን ሳምንት ዝለሉት። ሐምሌ 19ም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ረመዳን ነው፦ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤትና ሱቅ ይዘጋል፣ ማታው ግን ሌላ ከተማ ይሆናል፤ ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀኑን ተኝቶ ማታውን መውጣት ይችላል። ሦስተኛው ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ከኢድ በኋላ ስድስት ቀን የሚጾመው የሸዋል ወር ጾም ሲያበቃ ሐረሪዎች ሸዋልኢድን ያከብራሉ። ዘፈኑ፣ የሴቶቹ አለባበስ፣ ከበሮው፣ ከካናዳና ከአሜሪካ ድረስ ለዚህ ብሎ የሚመጣው ተወላጅ፣ ሁሉም ከተማዋን ሌሊቱን ሙሉ እንዳትተኛ ያደርጋታል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑ በሒጅራ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ለዚህ ከሆነ የምትሄዱት አልጋ ከወር በፊት ያዙ።

እንዴት እንደርሳለን?

በአውሮፕላን ከሆነ እስከ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ሚኒባስ ከድሬዳዋ መናኸሪያ ቀኑን ሙሉ ይወጣል። በአዲሱ ባቡርም ከፉሪ ለቡ ጣቢያ እስከ ድሬዳዋ መምጣት ይቻላል፤ ባቡሩ በየቀኑ ስለማይነሳ ግን ቀኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ድሬዳዋ ስትደርሱም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ መሆኑን አስቡ።

በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ተነስታችሁ ቀኑን በመንገድ ታሳልፋላችሁ። እኔ አንዱን ጉዞ በየብስ፣ አንዱን በአየር ማድረግን እመክራለሁ። አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፋችሁ ወደ አሰበ ተፈሪ ስትወጡ ቆላው በድንገት ወደ ጨርጨር ደጋ ይቀየራል፤ ከዚያ ሂርናን፣ ቁልቢን እያላችሁ በተራራው ጀርባ ላይ ትሄዳላችሁ። ደንገጎ ላይ አንዱ መንገድ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ሌላው በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ያስገባል። በየብስ ለምትሄዱ አንድ ነገር፦ ከመነሳታችሁ ከአንድ ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያም፣ እዚያ ከምታርፉበት ቤት ባለቤትም ጠይቁ። የሁለቱ መልስ ካልተጣጣመ አውሮፕላን ያዙ።

የት እንደር?

ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ሆቴሎች አሉ፤ መኪና የያዘ ሰው ወይም አረጋዊ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ቢያርፍ ይመቸዋል። ለሌላው ሁሉ ግን ምክሬ አንድ ነው፦ ጀጎል ውስጥ እደሩ። ጌይ ጋር የሚባለውን የሐረሪ ባህላዊ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ መታጠቢያ ቤቱን ከሌላ እንግዳ ጋር ልትጋሩ ትችላላችሁ። በምትኩ ጠዋት በአዛን ትነቃላችሁ፣ ቁርሳችሁን ከባለቤቷ እጅ ትበላላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተማው ውስጥ የሚያውቃችሁ ሰው ይኖራችኋል። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውኃ አለ ወይ፣ ባጃጅ እስከ በሩ ይገባል ወይ። ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ መንገድ ውስጥ ስለሆኑ ሻንጣችሁን የመጨረሻውን ጥቂት መቶ ሜትር ራሳችሁ ትሸከማላችሁ፤ ስለዚህ ባለጎማውን ትታችሁ የጀርባ ቦርሳ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ከግንቡ ውጭ መጀመር

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በግንቡ ውስጥ ካለው አደባባይ ከፈረስ መጋላ ነው። እኔ ደግሞ ከውጭ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ እንድትገቡ እፈልጋለሁ፤ የከተማዋ ቅርጽ የሚገባው እንዲያ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳትጠነክር ውጡና ግንቡን ተከትላችሁ ዙሩ። ግንቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በየበሩ እየቆማችሁ ብትሄዱ እንኳ ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

የግንቡ ሥራ በዋናነት የሚነገረው ለአሚር ኑር ነው። ኢማም አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞቱ በኋላ ከተማዋ ከየአቅጣጫው ስትጠቃ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሚሩ በድንጋይና በጭቃ አስከበቧት። የመጀመሪያዎቹ በሮች አምስት ናቸው፦ በሰሜን ፈላና በር፣ በምሥራቅ ኤረር በር፣ በደቡብ በኩል ሰንጋ በርና ቡዳ በር፣ በምዕራብ ሸዋ በር። ከተማዋም በእነዚሁ በሮች ስም በአምስት ሰፈር ትከፈል ነበር። መኪና የሚያስገባው ሰፊው ስድስተኛው በር ከእነሱ በኋላ የተከፈተ ነው፤ ልዩነቱን ስታዩት ታውቁታላችሁ። ሌሎቹ በሮች ጠበብ፣ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የተጫነች አህያና ሰው ሲተላለፉ አንዱ ዞር ይላል። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሲገባ ከተማዋ ለአውሮፓውያን የተዘጋች ነበረች።

በዚህ ዙር ላይ ኤረር በር ስትደርሱ አትቸኩሉ። ጠዋት ከገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች እንጨት፣ አትክልት፣ ጫት ተሸክመው የሚገቡት በዚያ ነው፤ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ሽያጭ ውስጥ ሲቀላቀሉ ትሰማላችሁ። ግንቡ ሥር ዝቅ ብላችሁ ከተመለከታችሁ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ሌሊት ጅቦች በእነሱ ገብተው የከተማዋን ቆሻሻ ይበላሉ፤ ቀዳዳዎቹ ሆን ተብለው የተተዉላቸው ናቸው። ከሰዎችና ከጅቦች መካከል ያለው ስምምነት ማታ ከምታዩት ትርኢት እጅግ የቆየ እንደሆነ ማስረጃው ይኸው ነው።

አስጎብኚ መያዝ

ዙሩን ጨርሳችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ አስጎብኚ ያስፈልጋችኋል። አማርኛ የሚናገር ሰው «ለምን?» ሊል ይችላል። መንገድ ጠይቆ መድረስ ይቻላል፤ የጀጎል ቅያስ ከ360 በላይ እንደሆነ ይነገራል፣ ብትጠፉም ወይ ግንቡ ላይ ወይ ፈረስ መጋላ ላይ መውጣታችሁ አይቀርም። አስጎብኚው የሚጠቅመው ለሰው ቤት ነው። ያለ እሱ በሩን አታንኳኩም፣ ማንኳኳትም የለባችሁም።

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ አለው፤ አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። ዋጋውን፣ ሰዓቱን፣ የሚታዩትን ቦታዎች፣ የመግቢያ ክፍያ በማን በኩል እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ልጆች «እኔ ላሳያችሁ» እያሉ ሊከተሏችሁ ይችላሉ፤ በትምህርት ሰዓት የሚከተል ልጅን በገንዘብ አታበረታቱ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ

ሰፊውን በር ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ፈረስ መጋላ ትደርሳላችሁ። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የጨለንቆን ውጊያ ያስታውሳል። በ1879 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር አሚር አብዱላሂን ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረርን ያዘ፤ ራስ መኰንን አገረ ገዥ ሆኑ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ1875 እስከ 1885 (እ.ኤ.አ.) ግብፆች ይዘዋት ነበር። አጠገቡ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመው ግብፆች የሠሩት መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። እዚህ አደባባይ ላይ ቆማችሁ ታሪኩን ስትሰሙ ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ሊነግራችሁ ይችላል። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አድምጡ፣ አትከራከሩ።

ከዚህ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው፤ በእግር የሚረገጡት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ይሰማል። ጨርቅ ከዚያው ገዝታችሁ ጠዋት ብታዝዙ ሽርጥ ወይም ቀለል ያለ ቀሚስ ለማታ ሊደርስላችሁ ይችላል። መንገዱ የሚያወጣችሁ ግድር መጋላ ነው፤ የሥጋ ገበያው እዚያ ነው። ጭልፊቶች ከጣሪያው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ በእጃችሁ ይዛችሁ ገልጣችሁ አትሂዱ፣ ይነጥቃሉ።

ሁለቱ ታዋቂ ቤቶች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ራምቦ ቤት የሚባለው የሕንድ ነጋዴ ያሠራው የእንጨት ፎቅ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እስከ 1891 ድረስ እየተመላለሰ ሐረር ላይ በንግድ ሠርቷል፤ በዚህ ቤት ስለመኖሩ ግን ማረጋገጫ የለም፣ እንዲያውም ቤቱ ከእሱ በኋላ እንደተሠራ ነው የሚታሰበው። መግባት ያለባችሁ ለድሮ የሐረር ፎቶግራፎቹ ነው። የጠዋቱን ግንብና በሮች ካያችሁ በኋላ ያንኑ ቦታ ከመቶ ዓመት በፊት በተነሳ ፎቶ ማየት ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ሙዚየሙን ከዙሩ በኋላ ያደረግኩት።

ቀጥሎ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት ነው። አሁን በውስጡ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የተባሉት ሐረሪ በግል ጥረታቸው ከየቤቱ ሰብስበው ያቆዩት ስብስብ። የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖች፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ፣ የድሮ ሙዚቃ ቅጂ፣ የሐረር አሚሮች ራሳቸው ያስቀረጹት ገንዘብ ሁሉ አለ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የመጻሕፍቱ ክፍል ነው። የሐረር መጽሐፍ ጥራዝ ቆዳው ላይ በማኅተም የሚወጣ ጌጥ አለው፣ የጥራዙም ክዳን እንደ ፖስታ የሚታጠፍ ምላስ ያበጅለታል። ጥገናውም እዚያው ይሠራል፤ ሥራ ላይ ከደረሳችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ተመልከቱ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ዓርብ ከሆነ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ከ5 ሰዓት በፊት ግቡ።

የሰው ቤት መግባት

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ምሳ ሳይደርስ አድርጉት፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ብዙ ቤት የበርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው፣ እንግዳ መቀበል ይከብዳል።

ከመንገዱ የሚታየው የግቢ ግንብና አንድ በር ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ስትገቡ የቤቱ በር ይመጣል፤ ጫማ ውልቅ። ፊት ለፊታችሁ ቀይ ቀለም የተቀቡ ደረጃ ደረጃ መደቦች ታያላችሁ፤ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥም በሥርዓት የታወቀ ነው። የክብሩ አሚር ነደባ ነው፤ ሳይሏችሁ እዚያ አትቀመጡ። ቀዩን ቀለም በጨለንቆ ከወደቁት ደም ጋር የሚያያይዙት አሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶች እንዲሁ የተደረደሩ እንዳይመስሏችሁ፤ ከእናት የመጣው፣ ለሠርግ የተሰፋው፣ ለለቅሶ የሚወጣው ይለያል። የቤቱን ባለቤት «ይህንን ማን ሰፋው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጠየቃችሁ ወሬው ይከፈታል፤ አፎቻ ስለሚባለው የመረዳጃ ማኅበራቸው፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ፣ ስለ አያታቸው ይነግሯችኋል። በመግቢያው በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካያችሁ ለትዳር የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ምልክት ነው። በግራ በኩል ያለችው ትንሿ ክፍል ኪርተት ነች፤ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ የመጀመሪያ ቀናቸውን ከሰው ሳይቀላቀሉ የሚያሳልፉባት።

ፎቶ መጀመሪያ አትጠይቁ። ቁጭ በሉ፣ ቡና ከቀረበ ጠጡ፣ ከዚያ ጠይቁ። ስትወጡ ለቤቱ የሚተው ገንዘብ አለ፤ መጠኑን ከአስጎብኚው ቀድማችሁ እወቁና ለእሱ ሳይሆን ለባለቤቷ በእጇ ስጡ።

ማታ፦ ጅቦቹ

12 ሰዓት ተኩል ገደማ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ቦታ ሂዱ። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጅቦቹ በየስማቸው ሲጠሩ ይመጣሉ። እናንተም በእንጨት ጫፍ ሥጋ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ ትንንሽ ልጅ ከያዛችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። በሙስሊሞች በዓል በአሹራ ዕለት ከተገጣጠማችሁ ደግሞ ለጅቦቹ ገንፎ የሚቀርብበትን ጥንታዊ ሥርዓት ታያላችሁ፤ አበላላቸውን ተመልክተው የዓመቱን ዕድል ያነቡበታል።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋቱን ለመስጊዶችና አዋች ለሚባሉት የአውልያ መቃብሮች ስጡ። በጀጎል 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካነ መቃብሮች አሉ፤ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። የአሚር ኑርን መቃብርና የአው አባድርን ብታዩ ይበቃል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ጃሚ መስጊድን ከውጭ ያያል፣ ለመግባት ያስፈቅዳል። ሴቶች ሻሽ፣ ወንዶችም ረጅም ሱሪ ቢለብሱ መልካም ነው። በዝያራ ላይ ያለ፣ ማለትም መቃብሩን ለመጸለይ የመጣ ሰውን ፎቶ አታንሱ።

ለቁርስ ፉልና ፈጢራ አለ፤ ለምሳ ሑልበት መረቅን ጠይቁ፣ በአብሽ የሚሠራ ስለሆነ ሁሉም ምግብ ቤት አይሠራውም፣ ማረፊያችሁ ቀድማችሁ ብታዝዙ ይሻላል። ቡናው የሐረር ቡና ነው፤ ፍሬው ሳይታጠብ ከነገለፈቱ ስለሚደርቅ ገለፈቱ አይጣልም፣ ተቆልቶ ተፈልቶ ሐሸር ሆኖ ይጠጣል። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢንም ከወተት ጋር ሞክሩ።

ከሰዓቱን ከከተማ ለመውጣት ከፈለጋችሁ ሁለት ምርጫ አለ። ኮረሚ የአርጎባ መንደር ነው፤ የድንጋይ ቤቶቹ ከኤረር ሸለቆ በላይ ገደል ጫፍ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። የሐረርን ቤት ካያችሁ በኋላ የኮረሚን ብታዩ ዝምድናቸው ይታያችኋል። ሌላው በጅጅጋ መንገድ ከባቢሌ አለፍ ብሎ ያለው የዳካታ ሸለቆ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቆመበት ቦታ። ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ማድረስ አይቻልም። እኔ ኮረሚን እመርጣለሁ።

የሚገዛውን መግዛት

ሰፌድና ሙዳይ ከሴቶቹ ከራሳቸው ግዙ። ጥሩ ሥራ ስፌቱ ጥብቅ ነው፣ ብርሃን ላይ ብትይዙት ቀዳዳ አያሳይም፤ የአንዱ ሥራ ሳምንታት ስለሚወስድ ዋጋውን በግማሽ ለማውረድ አትከራከሩ። አሮጌ የሚመስል የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም ወይም ጌጥ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ አትግዙ፤ ቅርስ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው፣ በኤርፖርት ፍተሻ ትያዛላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ቦታው ሙዚየሙ ነው። ሐላዋውን በመጨረሻው ጠዋት በኪሎ አስመዝኑ፣ ቡናውንም ጀጎል ውስጥ ከሚቆሉት ቤቶች ዕለቱን የተቆላ ውሰዱ። በድሬዳዋ በኩል በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ትልቁን ሰፌድ በሻንጣ አትክተቱት፤ ይታጠፋል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት፣ ከሐረርም በረራችሁ ከመድረሱ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ በአወዳይ በኩል ያለው የጫት ገበያም መንገዱን ያጣብባል።